ባለ አምስት እግሩ አዞና ያልተወለወለው ጫማ

ስልኩ ሲጮህ ወንፊት አንድ እግር ካልሲ አጥልቃ፣ ሌላውን ፍለጋ እስከ ወገቧ አልጋ ሥር ገብታ ነበር።

«አለቃ፣ የባንዲራው ሰውዬ ሞተ!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«የትኛው? የአዞው ወይስ የፀሐዩ?»

«የፀሐዩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ። ምክር ቤት ባንዲራ ክፍል ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም አንድ አፍ ከሆኑማ ቶሎ ልምጣ» አለችና ያለ ካልሲው ወጣች።

ወንፊት የመታወቂያ ስሟ አይደለም። መርማሪ ሆና ስትቀጠር የሥራ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው፤ የሰው ወሬ ሁሉ በሷ በኩል ይንቆረቆራል፣ ውሸቱ ግን እንደ ጠጠር ከላይ ይቀራል። ሌላም ጠባይ አላት። ነገር ሲጎረብጣት የግራ ውስጥ እግሯን ይበላታል። አንዴ በላት ካለ አትቀመጥም፣ አትተኛም፣ አጠገቧ ያለውንም አታስቀምጥም። ያን ቀን ገና ከቤቷ ደጃፍ ላይ ይበላት ጀመር።

የአገሪቱ ባንዲራ ነጭ መደብ ላይ የተጋደመ አረንጓዴ አዞ ነው። የጥንት ሰዎች ለመጀመሪያው ጦርነት ሲዘምቱ ከነጭ አንሶላ ሌላ ጨርቅ አጡ አሉ። «ነጭ ይዘን ከወጣንማ ጠላት እጅ ሰጡ ብሎ ይስቅብናል» እያሉ ሲጨነቁ አንድ ግድግዳ ቀቢ ብሩሹን አነሣና አዞ ሣለበት። ቀቢው በዕድሜው አዞ አይቶ ስለማያውቅ አምስት እግር ሰጠው። ጠላትም ያንን ፍጡር ባየ ጊዜ ወንዙን እግሩ ሳይርስ ተሻግሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አገሩ በሙሉ በባለ አምስት እግር አዞ ሥር ይኖራል።

ችግሩ እንግዳ ሲመጣ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው መዝሙር ሊዘምር ሲነሣ እንግዶቹ በጣታቸው እግር ይቆጥራሉ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እየተጎሻሸሙ ይስቃሉ። ስለዚህ «አዞው ይውረድ፣ ፀሐይ ይውጣ» የሚል ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቀረበ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አማቾች ተኳረፉ። አንድ ፀጉር አስተካካይ የፀሐይ ወገን የሆነ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ አስወጣው፤ ሰውየውም በግትርነት ለወር በግማሽ ፀጉር ዞረ። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ሕጉን ሊያነብ የተዘጋጀው ሰብሳቢ ሞቶ ተገኘ።

ነፋሱ አላስቀምጥ ያለ ቀን ነበር። ከምክር ቤቱ ደጅ የባንዲራው ገመድ ብረቱን ቋ! ቋ! ያደርገዋል። ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቋት ሰዎች ሁሉ እሳት ተነሣ ተብለው ከቤት የወጡ ይመስላሉ። አፈ ጉባኤው የሸሚዛቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል፣ ደረታቸው ድረስ የወረደው ጢማቸው ግማሹን ባይሸፍንላቸው ይብስ ይታይባቸው ነበር። ምክትል ሰብሳቢው አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ክራቫቱን በኪሱ ይዟል። ሠዓሊዋ በአንዱ ጆሮ ቀለበት፣ በሌላው ሉል አንጠልጥላለች። ወንፊት ራሷ ባንድ እግር ካልሲ ናት፤ ማንን ትቆጣ?

አፈ ጉባኤው ወደ ጥግ ሳቧት።

«ስሚኝ መርማሪ። ደወሉ ሲደወል አዳራሽ ገብቼ ድምፅ ማሰጠት አለብኝ። ከዚያ በፊት ወይ አደጋ ነው ብለሽ ፈርሚልኝ፣ ወይ አባባ አዞን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

«እሳቸውን ደግሞ ምን ብዬ?»

«ትናንት እዚሁ ቆመው ‹አዞውን ካወረድከው አንተም አብረኸው ትወርዳለህ!› ብለውታል። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይኸው ወረደ።»

አባባ አዞ የምክር ቤቱ አንጋፋ ናቸው። ለአሮጌው ባንዲራ ሲከራከሩ ጠረጴዛ ስለሚደበድቡ ፊታቸው ያለው ማይክሮፎን ሁልጊዜ አዲስ ነው። እሳቸው በካቴና ከወጡ የአዞው ወገን ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ይተኛል፤ ሕጉ ሳይከራከሩበት ያልፋል። ሽማግሌውም የቀረቻቸውን ዕድሜ እስር ቤት ይጨርሷታል። ወንፊት ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባት፤ እግሯም በላት።

የበር ጠባቂው ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ወደ ግቢው የገባው ሰው ጥቂት ነው አላት፤ ሟቹ፣ አፈ ጉባኤው፣ ምክትሉ፣ አባባ አዞና ሠዓሊዋ። አዲሱን ባንዲራ የሣለችው ይህች ሠዓሊ የአባባ አዞ የገዛ ልጃቸው ናት። ፀሐይዋን ከሣለች ጀምሮ አባትና ልጅ አይነጋገሩም።

ባንዲራ ክፍሉ ጠባብና ረጅም ነው። ሟቹ በግንባሩ ተደፍቷል፤ መሰላሉ ከጎኑ ተጋድሟል። የሟቹ አናት ላይ የእንቁላል ወርድ ያላት ክብ ጉድጓድ አለች። ጥግ ላይ የባንዲራው ዘንግ ራቁቱን ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ያለችው የነሐስ ኳስ ከሌላው አካሉ ይልቅ ታበራለች። አሮጌው ባንዲራ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ታጥፎ፣ ማዕዘን ከማዕዘን ገጥሞ፣ ከሱቅ እንደወጣ ሸሚዝ።

ወንፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«ሃምሳ አለቃ፣ የመሰላሉን መርገጫ እየው።»

«አቧራ ነው አለቃ።»

«የላይኛውስ?»

«እሱም አቧራ ነው። ሁሉም አቧራ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው በክንፍ ነው የወጣው? እሺ፣ ጫማውን እየው።»

ሃምሳ አለቃው አጎነበሰ። «ቀኙ እንደ መስታወት ነው። ግራው ከእርሻ የተመለሰ ይመስላል።»

«አንዱን ወልውሎ ሌላውን ትቶ ቁም ነገር ያለበት ቀን የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ሚስቴ ስታጣድፈኝ እኔ ራሴ…»

«በቃ፣ በቃ፣ ገበናህን ያዝ።»

ባንዲራውን ቀስ ብላ ፈታችው። አንዱ ጥግ ላይ የጫማ ቀለም የሚመስል ጥቁር ነገር ተለቅልቋል። በላይኛው ጠርዝ መሐል ለመሐል ደግሞ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ቀይ ነጥብ አለች። ወንፊት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ባንዲራውን መልሳ ልታጥፈው ሞከረች። አንዱን ጫፍ ስትይዝ ሌላው አመለጣት፤ እጇን ብትዘረጋ አልበቃት አለ። ሃምሳ አለቃውን ጠርታ ለሁለት አጠፉት።

መጀመሪያ ሠዓሊዋን አነጋገረቻት። ልጅቱ አዲሱን ባንዲራ ከገመድ ላይ እንደወረደ ልብስ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች። «ይቺን ዘንጉ ላይ ልሰቅል መጣሁ። ወድቆ አየሁት፣ ጮህኩ።»

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ማን ከሱ ጋር ይስማማል? ፀሐዬን አሥር ጊዜ አስቀይሮኛል። አንዴ ጨረር አበዛሽ፣ አንዴ እንቁላል ጥብስ መሰለች…» ሳቅ ጀመራትና መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። «አባዬ ነው አይደል? ንገሪኝ። እሱ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጉድ የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«አባትሽን ስትጠይቂያቸው ምን አሉሽ?»

«አልጠየቅኩትም። አንነጋገርም እኮ።»

«እንግዲያው እኔ እጠይቅልሻለሁ» አለችና ወደሚቀጥለው ክፍል ተሻገረች።

አባባ አዞ ወንበር ላይ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መሀረባቸው ከእጃቸው ወድቆ መሬት ላይ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ እሱን አቀብዪኝ» አሏት። «ወገቤ በብረት ቀበቶ ታስሯል። ሐኪሙ ካጎነበስክ በዚያው ትቀራለህ ብሎኛል። ጠላቶቼ ቆሜ እንጂ አጎንብሼ አያዩኝም።»

ወንፊት መሀረቡን አቀበለቻቸው። «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ባንዲራ ክፍል ሄደው ነበር?»

«በየቀኑ እሄዳለሁ። አዞውን እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ዛሬ ግን ልሰናበተው ነበር።» ድምፃቸው ወረደ። «በሩ ላይ ስደርስ ያ ሰውዬ ውስጥ ሆኖ ይስቃል። ከት ብሎ። ሳቁን ስሰማ አንጀቴ አረረና ተመለስኩ።»

«ብቻውን ነው የሚስቀው?»

«ብቻውን የሚስቅ ሰው እንዲህ አይስቅም። ለሰው ነው የሚስቀው።»

«ለእርስዎ ስቆ ያውቃል?»

«ለኔማ ጥርሱን ሲያሳየኝ ሊነክሰኝ ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልጄ… በልታለች?»

«እንጃ አባባ። አልጠየቅኳትም።»

«ጠይቂልኝ። እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትያት።»

ምክትሉ መጨረሻ ላይ ገባ። ወንበር ብታሳየው አልተቀመጠም፤ ተረከዙን ገጥሞ ቆመ።

«ጓደኛዬ ነበር» አለ። «ሕጉን አብረን ነው የጻፍነው። ማን ይጠቀማል ብለሽ ጠይቂ። እሱ ሲሞት የሚጠቀመው አዞ ነው።»

«አንተ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቢሮዬ። ንግግሬን ሳጠና። ያን ክፍል ከትናንት ጀምሮ አላየሁትም።»

«ለአሮጌው ባንዲራ ምንም ፍቅር የለህም ማለት ነው?»

«እኔ? ነገ የወለል መወልወያ ቢያደርጉት ደንታዬ አይደለም።» ይህን ብሎ ምራቁን ዋጠ። «ጨርቅ ነው።»

ውጭ ገመዱ ብረቱን ቋ አደረገው። የወንፊት እግር ከማሳከክ አልፎ ይነድዳት ጀመር።

ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ሁሉንም ባንዲራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ የወደቀበት ቦታ ግን ሰው ሁሉ እየሸሸው ዳር ዳሩን ይቆማል። ሃምሳ አለቃው ለአባባ አዞ ወንበር አምጥቶ በሩን ደገፍ አለ። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ጢማቸውን ይጎትታሉ፣ እንደገና ሰዓታቸውን ያያሉ።

«አሳጥሪው መርማሪ። አደጋ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም። መሰላሉን ዛሬ የረገጠ ሰው የለም፤ አቧራው ምስክር ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው መሰላሉ የተጣለው። ሰብሳቢው የተመታው በዚህ ዘንግ ነው፤ የነሐሷ ኳስ አናቱ ላይ ካለው ጉድጓድ ጋር ትገጥማለች። ከዘንጉ ሁሉ እሷ ብቻ የተወለወለችው ደሙ ስለተጠረገ ነው።»

«ረጅም ሰው ነበር» አለ ምክትሉ። «አናቱን ለመምታት ግንብ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።»

«ቆሞ ቢሆን ልክ ነህ። አጎንብሶ ነበር። ጫማውን ሲወለውል።»

ሁሉም ወለሉን አዩ፣ ጫማው እዚያ ያለ ይመስል።

«ቀኙን ጨርሷል። ግራውን ሊጀምር ሲል ተመታ። በምን ነበር የሚወለውለው? ክፍሉ ውስጥ መሀረብ የለም፣ ብሩሽ የለም።» ወንፊት ባንዲራውን ከወንበሩ አንሥታ ዘረጋችው። አምስቱም የአዞው እግሮች ተንጠለጠሉ። «በዚህ ነው። የጫማው ቀለም ይኸው።»

አባባ አዞ የታፈነ ድምፅ አሰሙ።

«ስለዚህ ሟቹ ባንዲራውን ከዘንጉ አወለቀ። ጫማውን ጠረገበት። እየሳቀ ነበር፤ ሳቁን አባባ ከበር ሆነው ሰምተዋል። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚቀለደው ሳቄን ይጋራል ብለው ለሚያምኑት ሰው ነው። ለጠላት አይቀለድም።»

«ታዲያ እኮ!» አሉ አፈ ጉባኤው። «ባንዲራው ሲዋረድ አይቶ ደሙ የሚፈላው ሰው እዚህ ከአባባ በቀር ማን አለ?»

«እኔም መጀመሪያ እንደርስዎ አሰብኩ። አሁን ደግሞ ከግድያው በኋላ የሆነውን እንይ። ሰውየው ወድቋል። ባንዲራው ከሥሩ መሬት ላይ ነው። ከኮሪደሩ ሰው ብቅ ሊል ይችላል። ገዳይ በዚህ ጊዜ እግሬ አውጪኝ ይላል አይደል? ይህ ግን አልሄደም። ባንዲራውን አነሣ፣ አራገፈ፣ አሳምሮ አጠፈ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ነው የሸሸው። ከመሬት ያነሣ ሰው፣ ልብ በሉ። አባባ ደግሞ የገዛ መሀረባቸውን እንኳ ማንሣት አይችሉም፤ እኔ ነኝ ያነሣሁላቸው። እንግዲህ ይህ ጨርቅ…»

ይህን እያለች እጇን ወደ ሠዓሊዋ አዞረችና፣ ቃል ፍለጋ የሄደች ይመስል፣ ባንዲራውን ለቀቀችው።

አባባ አዞ «ኧረ!» ብለው ጮኹ፤ ከወንበራቸው ግን አልተነቃነቁም። ሠዓሊዋ አፏን በእጇ ያዘች። አፈ ጉባኤው ወደ ኋላ ዘለሉ። ምክትሉ ግን እንደ ድመት ተወረወረ። በጉልበቱ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ደረሰና ጨርቁ መሬት ሳይነካ ሁለቱን ማዕዘን ያዘው።

ምክትሉ ተነሣ፤ ተረከዙን ገጠመ። ዓይኑ ሩቅ ነበር። እጆቹን ዘረጋ፣ የላይኛውን ጠርዝ መሐሉን በአገጩ ያዘ፣ ቀኝ ማዕዘን ወደ ግራ፣ አጠፈ፤ እንደገና አጠፈ። እጆቹ ሳይጠይቁት ሠሩት። ሲጨርስ ፕላስተሩ ተላቆ ሸሚዙ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያኔ ነቃ።

ወንፊት ቀረብ ብላ ባንዲራውን ከእጁ ተቀበለችው፤ የላይኛውን ጠርዝም ገለጠች። ከጠዋቷ ነጥብ ጎን አንዲት አዲስ፣ ገና ያልደረቀች ነጥብ ተቀምጣለች።

«ይህን ባንዲራ ለብቻ ማጠፍ አይቻልም» አለች። «ሞክሬዋለሁ። አገጭን ሦስተኛ እጅ ማድረግ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር። አፈ ጉባኤው አገጫቸው ከጢም ሥር ነው። ልጅቷ እንደ ልብስ ነው የምትጠቀልለው። ጠዋት ሲላጭ የተቆረጠ አገጭ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ምክትሉ የነሐሷን ኳስ የጠረገበትን ክራቫት ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«ወጣት ሆኜ የባንዲራ ዘብ ነበርኩ» አለ። «ጠዋት የምሰቅለው፣ ማታ የማወርደው እኔ ነበርኩ። መሬት ካስነካህ እጅህን እቆርጠዋለሁ ይለን ነበር አለቃችን። በኋላ ወንበር ፈለግኩ። ወንበር ያለው ከፀሐዩ ጋር ነው አሉኝ፤ ሄድኩ። አፌን ሸጥኩት። እጄ ግን አልሸጥም አለኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?» አለች ወንፊት።

«ሰብሳቢው ‹ከሰዓት በኋላ ጨርቅ ነው፤ እስቲ ጨርቅነቱን ቀድሜ ልሞክረው› አለና ጠረገበት። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሳቅኩኮ! ቀኙን ሲጨርስ እየሳቅኩ ነበር። ወደ ግራው ሲሄድ ዘንጉ እጄ ላይ ነበር።» ወደ አባባ አዞ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይረዱኛል። ለአዞው ነው ያደረግኩት።»

አባባ አዞ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ» አሉ ሳይጮሁ። «የጫማው ቀለም በሳሙና ይለቅ ነበር።» ከዚያ ትናንት የጮኹበትን ኮሪደር በበሩ አሻግረው አዩ። «እኔም ትወርዳለህ ብዬዋለሁ። እንዲህ ማለቴ አልነበረም። ግን ብያለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ምክትሉን ይዞ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ። ሁሉም ደነገጡ፤ ደወል መኖሩን ረስተውት ነበር።

አፈ ጉባኤው በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። የምክር ቤት አባል ሲሞት ሬሳው በባንዲራ ተሸፍኖ በአዳራሹ ፊት ያልፋል፤ ይህ የቤቱ ሥርዓት ነው። ወንፊት የያዘችውን አዞ አዩ፤ ሠዓሊዋ ብብት ሥር ያለችውን ፀሐይ አዩ።

«በየትኛው ነው የምንሸፍነው?» አሉ።

ያን ሁሉ ወር ስለ ባንዲራ ሲጮህ የከረመ ቤት ድንገት ድምፁ ጠፋ።

«አንሶላ ፈልጉ» አሉ አባባ አዞ በመጨረሻ። «ነጭ። ምንም ያልተሣለበት።»

«አባዬ፣ ነጭ እኮ…» አለች ልጅቱ፤ ማናገሯንም ልብ ሳትል። «ነጭ እጅ መስጠት ነው።»

«አውቃለሁ። ዛሬ ሁላችንም እጅ እንስጥ። ድምፁንም ከቀብሩ በኋላ፣ አፈሩ ከእጃችን ሲራገፍ እንሰጣለን።» እጃቸውን ዘረጉላት። «በይ አንሺኝ፤ ይህ ብረት ያዘኝ። በልተሻል?»

«አልበላሁም» አለችና ሽማግሌውን ደግፋ አስነሣቻቸው።

አንሶላው ከሕክምና ክፍሉ አልጋ ላይ ተነሥቶ መጣ። ወንፊት ብቻዋን ልትዘረጋው ስትሞክር እጇ አልበቃ አላት። ቆም ብላ አሰበችና ጠርዙን በአገጯ ያዘችው። ገመዱ ውጭ ብረቱን መምታቱን አላቆመም። እግሯም መብላቱን አላቆመም፤ አንደኛው ካልሲ አሁንም አልጋ ሥር ነው።